ከአምበር የሚላክልኝ ዱቄት

የመጀመሪያ ልጄ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ግራ ጡቴ አበጠና መግል ያዘ። ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበረ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይመጣ ይቀራል፤ የማማክረው ሰው አልነበረኝም። ሐኪም ቤት ሄጄ በጥተው አፈሰሱልኝ። ቁስሉ ሲድን ያ ጡት ደርቆ ነበር፤ የቀኙም ወተት እየሳሳ ሄደ።

ቁስሌን ያጥብልኝ የነበረው ድሬሰር፣ “እንግዲህ እህል አስለምጂው” አለኝ። “አጥሚት ብቻውን አያሳድገውም። ከገብሱ ጋር አተር ወይ ሽንብራ ቀላቅይበት። እንቁላልም ካገኘሽ ጥሩ ነው።”

ወላጆቼ የሚኖሩት ከአምበር ከተማ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ይህን ሲሰሙ እናቴ ሽንብራ ቆልታ፣ ከክታ፣ አድቅቃ ፈጭታ በጨርቅ ቋጥራ ላከችልኝ። ከዚያ በኋላ አባቴ በየሦስት ሳምንቱ ያመጡልኝ ነበር። እኔም ከገብስ ዱቄት ጋር እያዋሀድኩ በውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጣል አድርጌ እሰጠው ነበር። መጀመሪያ ተፋው፤ በሳምንቱ ግን አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ጀመር።

በዚያ ዓመት ሽንብራውን ትል፣ ገብሱን በረዶ እንደጨረሰው ከገበያተኞች ሰምቻለሁ። ለገበሬው የተረፈው ጓያ ብቻ ነበር። ጓያን የማያውቅ ሰው አገራችን የለም። ምንም ሲጠፋ እሱ ይበቅላል፤ ወራት ሙሉ እሱኑ ብቻ የበላ ሰው ግን አንድ ቀን ከመኝታው ሲነሣ እግሮቹ አይታዘዙለትም። በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበረ ጎልማሳ ጉልበቶቹ እየተጋጩ በጣቶቹ ጫፍ ሲራመድ አይቻለሁ። ጓያ ሰበረው ይሉት ነበር።

ግንቦት ላይ አባቴ ዱቄቱን ይዘው መጡ። ከደጅ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ዓይኔን ከእግራቸው ላይ መንቀል አልቻልኩም። በዱላ ተደግፈው ነበር፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ተረከዛቸው መሬት አይነካም።

“አባባ፣ እግርዎን ምን ሆኑ?”

“ብርድ ነው፤ ይለቀኛል።”

“ጓያ እየበሉ ነው?”

“ሰው የሚበላውን እንበላለን” አሉና ልጁን አንሥተው ማጫወት ያዙ።

“ይኸ ዱቄትስ የምንድን ነው?”

“እናትሽ ያሰናዳችው ነው። እኔ የወፍጮ ነገር ምኑን አውቄ።”

ቀና ብለው አላዩኝም። ሌላ አልጠየቅኳቸውም፤ ዓይኔ ወደ ልጄ እግር ሄደ። ልጄ ዓመት ሞልቶታል። ከፋሲካ በፊት የአልጋውን ቋሚ ይዞ ይነሣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትቶታል። ብብቱን ይዤ ሳቆመው እግሮቹን ወደ ላይ ይሰበስባል።

አባቴ እንደሄዱ ቋጠሮውን ፈታሁ። በምላሴ ቀመስኩት፣ በጣቴ አሸሁት፣ ብርሃን ላይ አወጣሁት። የተቆላ ጥራጥሬ አንዴ ከተፈጨ ማን ይለየዋል? ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጄ ሳጎርሰው ኖርኩ ማለት ነው። ቋጠሮውን አንጠልጥዬ ወጣሁና ከጓሮ ካለው ቦይ ውስጥ ዘረገፍኩት። የጎርፍ ውሃ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ በጭነት መኪና አምበር ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ። መንገዱን ሁሉ እናቴን የምላትን ስደረድር ነበር። ስደርስ አባቴ የሉም፤ እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ንፍሮ ታማስላለች። ወደ ድስቱ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጓያ ነው። እንዴት ዋልሽ እንኳ አላልኳትም።

“ይኸን ነው ፈጭተሽ ለልጄ የምትልኪለት? አባቴን የሰበረውን?”

ማማሰያውን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። ተነሥታ ከጎታው ጀርባ ገባችና አፉ በእበት የተለሰነ እንስራ ጎትታ አወጣች። ልስኑን ሰብራ እጄን ይዛ ከተተችው። ከታች እፍኝ የማይሞላ ሽንብራ ዳሰስኩ።

“ለዘር ያኖርነው ነው” አለች። “አባትሽ ናቸው ለልጁ ይሁን ያሉት። ያ ድስት የኛ ነው፤ ይኸ የሱ ነው። አንድ ፍሬ ጓያ አልነካውም፤ ወፍጮውን እንኳ አጥቤ ነው የምፈጭ።”

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

“እማዬ፣ የትናንቱን ደፋሁት።”

“ምኑን?”

“ዱቄቱን። ጓያ መስሎኝ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ነው ዞራ ያየችኝ። ከውጭ የዱላ ድምፅ ተሰማ። አባቴ እየመጡ ነበር።

“እንዳትነግሪያቸው” አለችኝ በሹክሹክታ። “ይኸን ከሰሙ እግራቸው ሳይሆን ልባቸው ነው የሚሰበረው።”

ለልጁ ይዤ የመጣሁትን አጥሚት አሙቄ ሳጠጣው እናቴ ጽዋውን ከእጄ ወስዳ አዘነበለችው። “ይኸ እኮ ውሃ ነው! ልጁን ረኃብ ነው የያዘው፤ ምን ብሎ ይቁም?” እውነቷን ነበር። ዱቄቱ እንዳያልቅብኝ እየሰሰትኩ በየቀኑ አቅጥኜው ኖሯል። የቀረውን ሽንብራ ፈጭታ፣ ከማንኪያ ላይ እስከማይፈስ አወፍራ ሠራችለት። ከጎረቤት ቅቤ ለመነች። ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ቀቅላ አስኳሉን ድንች ላይ አፈረሰችለት። ጥቂት በጥቂት፣ በቀን አምስት ጊዜ። ሳምንት ተቀመጥኩ፤ ያን ሳምንት ሁሉ እግሩን እየጨመቅሁ አደርኩ፣ ዋልኩ።

ልጄ ሰኔ ሳያልቅ ቆመ፤ ለመስቀል ሮጠ።

ባለቤቴ ያገኘውን ገብስና ድንች በጭነት መኪና ላከላቸው፤ ጓያውን ተዉት። አባቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ያ ድሬሰር እግራቸውን አጣጥፎ አየና፣ ከዚህ እንደማይብስ፣ ወደ ቀድሞውም እንደማይመለስ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ በሬ ጠምደው አላረሱም፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጡት።

ከሐኪም ቤት የተመለስን ዕለት ቤቴ ተቀምጠው ልጁ ሲበላ እያዩ፣ “ያ ዱቄት ተስማማው አይደል?” አሉኝ።

“በጣም ተስማማው፣ አባባ” አልኳቸው። ደስ ብሏቸው አንድ ጉርሻ በእጃቸው አጎረሱት። እናቴም እኔም እስኪሞቱ ድረስ አልነገርናቸውም።