አውጪ የሌለው ከበሮ

ከበሮው የእኔ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የአክስቴ ነበር፤ የእሳቸውም ቢሆን ለስሙ እንጂ የሰፈሩ ነበር። ሸዋ ሮቢት እኛ ሰፈር ልጅ ሲዳር፣ ሙሽራ ሲገባ፣ ክርስትና ሲነሳ የሚመታው እሱ ብቻ ነው። ከዋንዛ የተፈለፈለ፣ በበሬ ቆዳ የተለበጠ፣ በጠፍር የተወጠረ፤ አንዱ ፊቱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ሰፊው ያጉረመርማል፣ ጠባቡ ይመልስለታል።

እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመንግሥት የትምባሆ እርሻ ውስጥ ቅጠል መራጭ ሆኜ የገባሁ ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ቀን አለቃችን ከዝርዝር ላይ ስሜን አነበበና ቡልጋሪያ ሄጄ ለአንድ ዓመት ትምባሆ ማድረቅ እንድማር መመረጤን ነገረኝ። ቡልጋሪያ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። ካርታ ላይ ፈልጌ አገኘኋት፤ በአውራ ጣቴ ትሸፈናለች። ደስ አለኝ። አንድ ቦታ ተቀምጬ መቆየት የማልችል ሰው ነኝ።

ከሰጡኝ የጉዞ ወረቀቶች አንዱ ላይ ቡልጋሪያ ውስጥ የምሠለጥንበት እርሻ አጠገብ ባለች መንደር ቅዳሜ ቅዳሜ የአገር ባህል ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች እንደሚሰበሰቡ፣ ሠልጣኞችም ሄደው መካፈል እንደሚችሉ ተጽፏል። ሌላውን ሁሉ ዘልዬ እሱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እነዚያ ሰዎች ምን ይመታሉ? በእጅ ነው በዱላ? ሴቶቻቸውስ? ማወቅ አለብኝ አልኩ። ሰው በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጅልኝ እኔ አክስቴ ቤት ሄጄ ከበሮውን ለመንኩ።

አክስቴ የሰፈሩ ከበሮ መቺ ነበሩ። ጣቶቻቸው አብጠው አልታጠፍ ካሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያስተማሩት ደግሞ እኔን ብቻ ነው። እንዳጋጣሚ ጎረቤታችን፣ የሰፈሩ ዘፈን አውጪ፣ እዚያው ቁጭ ብላለች። በእኛ ዘንድ ከበሮ አይጀምርም። አውጪዋ ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው ከዚያ በኋላ ይገባል። ከአውጪ ቀድማ ከበሮ የመታች ልጅ “ሳይጠሯት የመጣች ሙሽራ” ትባላለች። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ተብያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተረሳም።

“ጥር እየመጣ?” አለች ጎረቤታችን። “እትዬ፣ በምን ልንድር ነው? በጀሪካን?”

“በጀሪካን ዳሩ” አሉ አክስቴ። “የእኔ እጅ ሞቷል። ያልተመታ ከበሮ ብል ይበላዋል።”

“እኔ እመታዋለኋ!”

“አንቺ ስትመቺውማ በሬው ሁለተኛ ጊዜ የታረደ ነው የሚመስለው።”

ሳቅሁ። አክስቴ ግን ወደ እኔ ዞሩና ሳቄን አቋረጡት።

“አንቺ ደግሞ ስሚ። ለአንድ ዓመት አውሼሻለሁ። ሰው መካከል ይመታ። ክፍልሽን ዘግተሽ ብቻሽን የመታሽው አይቆጠርም፤ ለብቻው ከበሮ የሚመታ እብድ ነው። ሰው መካከል ሳይመታ ከመጣ ግን ሠርጋችንን ሰርቀሽ ሄድሽ ማለት ነው። ገባሽ?”

“ገባኝ እትዬ። አንቱ ብቻ አይዞሽ በሉኝ።”

“አይዞሽን ምን ታደርጊዋለሽ? እጅ አለሽ።”

የስንብቴ ቀን ጎረቤታችን ዝም ብላ ልታሳልፈኝ አልቻለችም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አወጣችብኝ፦

ከበሮውን ይዛ ባሕር ተሻግራለች፣
እናንተ ጀሪካን ደብድቡ ብላለች።

ቤቱ ሁሉ ተቀበላት። የገዛ ስድቤን በገዛ እጄ በከበሮ አጀብኩት። ምን ላድርግ? አውጪ ካወጣች ከበሮ አይቀርም።

ቀበሌው “ከበሮ፣ ብዛት አንድ፣ ያገለገለ” የሚል ማህተም ያለው ወረቀት ጻፈልኝ። አውቶቡሱ ላይ ከአልዩ አምባ የመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። የሙስሊም ሠርግ ላይ ድቤ ሲመቱ ያደጉ ናቸው። ከሮቢት ስንነሳ በጣታቸው ጫፍ ቆዳውን ነካ አደረጉት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። “ማሻአላህ” አሉ። ዳገቱን ጨርሰን ደብረ ሲና ስንደርስ ነጠላዬን እየደረብኩ ሳለ እንደገና ነካ አደረጉት። እንደ እርጥብ ካርቶን ዷ አለ።

“አየሽ? ቆላ ያደገ ቆዳ ነው፤ ብርዱ አስደነገጠው። የምትሄጂበት ይበርዳል?”

“በረዶ ይዘንባል አሉ።”

“ወላሂ? እንግዲያው በእሳት አሙቂው። ሲያኮርፍ በጥፊ አትምቺው፤ ያኮረፈ ሰው በጥፊ አይናገርም።”

ቡልጋሪያ እንደገባን ከየአገሩ የመጣን ሠልጣኞች ሦስት ወር ቋንቋ ተማርን። መምህራችን መጀመሪያ ቀን ያስጠነቀቀችን ነገር ቢኖር ስለ ራስ መነቅነቅ ነው። እዚያ አገር ራስን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ “አይሆንም” ማለት ነው፤ ግራና ቀኝ መወዝወዝ “እሺ” ነው። የተገለበጠ አገር ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት።

ከዚያ በኋላ ወደ እርሻው ወሰዱን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከበሮዬን አንግቤ የመንደሩ አዳራሽ ገባሁ። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ መሃል ተቀምጠው አቅማዳ ታቅፈዋል። አቅማዳ ነው፣ ሌላ ስም የለኝም። እህል የምንጭንበት የፍየል ቆዳ፣ ፀጉሩ እንኳ አልተላጨም። ይኸኛው አንገቱ ላይ እንጨት ተሰክቶበታል። ሽማግሌው ነፍተው ሞሉትና በክንዳቸው ሲጫኑት አለቀሰ። በዕድሜዬ አቅማዳ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አጠገባቸው አንድ ጎልማሳ ትልቅ ከበሮ በትከሻው አንግቶ አንዱን ፊት በወፍራም ዱላ፣ ሌላውን በቀጭን አርጩሜ ይመታል። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ ከበሮ የነካች ሴት ግን አንዲትም አላየሁም። የእኛ ሰፈር ከበሮ የሴት ነው፤ የእነሱ ለምን የወንድ ብቻ ሆነ?

ዘፈኑ ሲያበቃ ሄጄ ሽማግሌውን በሦስት ወር ቋንቋዬ ጠየቅኋቸው።

“ከበሮ አለኝ። እኔ መምታት ይቻላል?”

ሽማግሌው ከበሮዬን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ተጠንቅቀው፣ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። ፈገግም አሉ።

ፈገግ ብሎ የሚከለክል ሰው ያናድደኛል። አመስግኜ ወጣሁ።

በቀጣዮቹ ሦስት ቅዳሜዎች ያለ ከበሮ ሄድኩ። መቅረት አልቻልኩም፤ ምታቸው አላስተኛ ብሎኛል። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ በእግሬ እቆጥራለሁ፦ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ሁለቱ እርምጃ አጭር፣ አንዱ ረጅም። አንካሳ ሰው ዳገት ሲወጣ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ማን አንካሳ አደረገው እላለሁ። ሽማግሌው አንዳንዴ ወደ እኔ ያያሉ፣ አቅማዳቸውን ያስተካክላሉ፣ ፊታቸው ቅር ያለው ይመስላል። የሚቀየም ካለ እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው ምን ሆኑ?

ከበሮው አልጋዬ ሥር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሳወጣው ሰፊው ፊት ላልቶ ጎድጉዷል፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ጣል ጣል ብሎበታል። ያኔ ደነገጥኩ። ጥር ደርሷል። ሮቢት ውስጥ ይኸኔ ጀሪካን እየተደበደበ ሙሽራ እየወጣች ነው፣ የሠርጋቸው ከበሮ ደግሞ እዚህ አልጋ ሥር እየሻገተ ነው። ሌባ ነኝ ማለት ነው።

በማግስቱ ከበሮውን ይዤ ወደ ማድረቂያው ቤት ሄድኩ። ትምባሆ በገመድ ተሰክቶ ከላይ እስከ ታች የሚንጠለጠልበት ሙቅ ቤት ነው። ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁና ከበሮዬን ከቅጠሉ መካከል ሰቀልኩት። የማድረቂያው ኃላፊ አንዲት ጎልማሳ ሴት ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚዘፍኑት አንዷ።

“ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ቅጠል ነው?” አለችኝ።

“ያኮረፈ ቅጠል።”

“ለምን ወደ አዳራሹ አታመጪውም ታዲያ?”

“ሽማግሌው ከለከሉኝ።”

“ማን? እሳቸው? ምን አሉሽ?”

ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቄ አሳየኋት። ሴትዮዋ የያዘችውን ዘንግ ጥላ ሆዷን ያዘች። ስትስቅ ቆይታ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ እንደገና ሳቀች።

“እሺ ነው ያሉሽ!”

“የእናንተ እሺ ግራና ቀኝ አይደለም እንዴ?”

“የእኛማ ነው። ሽማግሌው ግን ከኢትዮጵያ ልጅ ትመጣለች ሲባል ሰምተው ‘የዚች ልጅ አገር እሺ እንዴት ነው’ ብለው ጠይቀውኛል። ከአምና ሠልጣኞች አይቼ ነበርና ወደ ላይና ወደ ታች ነው አልኳቸው። እንዳልሳሳትባት ብለው ቤታቸው መስታወት ፊት ሲለማመዱ ነው የሰነበቱት! ደግሞ ‘ምን በድያት ነው ከበሮዋን የማታመጣው’ እያሉ አሳብደውናል።”

እኔ በእሳቸው ልማድ ስሰማ፣ እሳቸው በእኔ ልማድ ሲናገሩ፣ ሦስት ቅዳሜ ሄደ። እኔ ብሆን ለማንም መስታወት ፊት አልለማመድም ነበር። አፈርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከበሮውን ከሙቁ ቤት አውርጄ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እየሮጥኩ አዳራሹ ገባሁ። ሽማግሌው ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

“ዛሬ ትመቺያለሽ?”

በደስታ እንደ አገሬ መለስኩላቸው፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ “እህ!” አልኩ። እኛ አገር ከዚህ የበለጠ እሺ የለም። ሽማግሌው ግን ታንቃለች ብለው ውሃ አሯሯጡልኝ፤ አንዱ ጀርባዬን መታኝ። እሺ ማለት መሆኑን ሳስረዳ አዳራሹ ሁሉ አየር እየሳበ “እህ! እህ!” ማለት ጀመረ። ጉንፋን የገባበት ቤት መሰለ።

ሳቁ ሲበርድ ወንበር ሰጡኝ። ከበሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ እጄን ሰፊው ፊት ላይ አሳረፍኩ፤ ቆዳው ሞቆ ተወጥሯል። እነሱ ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ። ማንም አይጀምርም።

“ምቺ እንጂ” አለች የማድረቂያዋ ሴት።

“ማን ነው የሚያወጣው?”

“ምኑን?”

“ዘፈኑን። ከበሮ አይጀምርም እኮ!”

ሽማግሌው ሰምተው አሰቡበት። “አንድ፣ ሁለት ብለሽ ቁጠሪና ጀምሪ” አሉ። የእኛ ከበሮ አንድ የለውም፤ አውጪዋ አፏን የከፈተችበት ነው አንዱ። ይህን እንዴት ልንገራቸው? ዘፈኔን የሚያውቅ ሰው ሮቢት ነው ያለው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ አማርኛ የሚችል አፍ የእኔ ብቻ ነበር፤ እሱም ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም። ትምህርት ቤት መዝሙር ላይ መምህሩ “አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ” ይሉኝ ነበር።

አልመታም ብዬ ብነሳስ? ከበሮው ሳይመታ፣ እንደታቀፍኩት ይመለሳል። አክስቴ ያበጡ ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው “ተመታ?” ይሉኛል።

አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ ሌላ አይደለም፣ ያ የስንብቴ ስድብ ነው። ከበሮውን ይዛ ባሕር ተሻግራለች። ድምፄ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ስንኝ ስጨርስ እጄ ራሱ ገባ። ከበሮው ከሮቢት በወጣሁ ቀን እንደጮኸው ጥርት ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ቃሉን ባያውቁትም “ብላለች”ን “ላለች፣ ላለች” እያሉ ተቀበሉኝ፤ ቀጥሎ አቅማዳው ማልቀስ ጀመረ።

ገጠመ እንዳልል አልገጠመም። የእነሱ እግር ያነክሳል፣ የእኔ እጅ ይዘላል። ሽማግሌው “አንድ”ን ፍለጋ በእግራቸው መሬት እየመቱ ምቱ ጠፋባቸው፤ እኔም የእነሱን ረጅም እርምጃ ልይዝ ስል አመለጠኝ። ሦስቴ አቁመን ሦስቴ ጀመርን። በሦስተኛው፣ ለጥቂት ዙር፣ የእሳቸው ረጅም እርምጃና የእኔ ሰፊ ፊት አንድ ቦታ ላይ አረፉ። ሽማግሌው ዓይናቸውን አፈጠጡ። ከዚያ ተለያየን፣ ሳቅን፣ አራተኛ ጀመርን።

በዚያው ሳምንት ለአክስቴ “ተመታ። ሰው መካከል። ሃያ ሰው ይሆናል፣ አንድ የሚያለቅስ አቅማዳም አለ” ብዬ ጻፍኩ። መልሱ የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ እሳቸው እየተናገሩ ሰው ነው የጻፈላቸው። ሰላምታውና የዘመድ ጤና ካለቀ በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፦ “ማን አወጣልሽ?”

ወረቀት አወጣሁ። መዋሸት እችል ነበር፤ ማን ያይብኛል? ግን አክስቴ ከበሮው ያለ አውጪ እንደማይገባ ያውቃሉ፣ አውጪ እዚያ እንደሌለም ያውቃሉ። ለዚህ ነው የጠየቁት። “እኔ ራሴ” ብዬ ጻፍኩና ከመጸጸቴ በፊት ቶሎ አሸግሁት።

የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ የአክስቴ ቃል ሁለት መስመር ነበር፦ ከበሮውን ቆዳው እንደሞቀ አምጪው፣ ሠርጋችንን አልሰረቅሽም። ከሥሩ፣ ፊደሉ በተወላገደ ሌላ እጅ፣ ጎረቤታችን ጨምራበታለች፦

“አንቺ ካወጣሽማ አቅማዳም ይዘፍናል። ቶሎ ነይ፤ ጀሪካኑ ተቀዷል።”