መርዶ ለመንገር ፊንላንድ ሄድኩ

የሄድኩ ዕለት ማታ አዲስ አበባ፣ ሲግናል ሰፈር ያለው ቤታችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በርበሬና ሽሮ ይዞልኝ መጥቶ ሻንጣው አልዘጋ ቢል፣ እናቴ ላዩ ላይ ቁጭ አለችበትና እንደምንም ዘጋሁት። እኔ ነርሶችን የማስተምር ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን ፊንላንድ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ ለመሥራት ተስማምቶ፣ ለሥልጠና የመጀመሪያዋ ተላኪ እኔ ሆንኩ። ዲናችን ስትሰናበተኝ፣ "መቅደስ፣ አንቺ ከወደቅሽ ከኋላሽ የሚላክ የለም" አለችኝ። ማበረታታቷ ነው እንግዲህ።

የእንጦጦ ሥር ልጅ ነኝና ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ምን አውቄ! እዚያ ገና ከበር ስወጣ አፍንጫዬ የኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ጥቁር ዳቦአቸው ግን የሰነበተ እንጀራ ይመስል ይኮመጥጣል፤ እሱን ሳገኝ ነፍሴ መለስ አለች። አከራዬ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ "እንግዳ ታበዣለሽ?" አለኝ።

"ባገኝ" አልኩት። ፈገግም አላለ።

ከዚያ ለታማሚ ቤተሰብ ክፉ ዜና እንዴት እንደምንነግር የሚታይበት ፈተና መጣ። ሲርካ የሚባሉ ጡረተኛ ሴትዮ የታማሚ ሚስት ሆነው ይተውናሉ። በትወናው ባላቸው ቀዶ ጥገና ላይ ሞቷል፤ እሳቸው አያውቁም፤ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ስገባ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል። አንጀቴን በሉት። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ቁርስ በልተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ ከዚያ "ባለቤትዎ ትንሽ ደክመዋል፤ ሐኪሞቹ እየተረባረቡ ነው" ብዬ ወጣሁ።

የምትፈትነኝ መምህርት፣ አና፣ ተከትላኝ መጣች። "ሰውየው እኮ ሞቷል" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ደክሟል አልሽ?"

"ሰው ሳይሰበሰብ እንዴት ልንገራቸው?"

"የምን ሰው?"

"የሳቸው ሰው ነዋ!"

ወደቅኩ። አንድ ድጋሚ ብቻ ቀረኝ፤ እሱን ከወደቅኩ ወደ አገሬ፣ የጓደኞቼንም ዕድል ይዤ። እኛ ጋ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ ይህን አላውቅ ያሉ ሰዎች ጣሉኝ ብዬ በገንኩ። ንዴቴ ሲበርድ ግን የራሳችን ሆስፒታል ትዝ አለኝ። "ደክሟል" ብለናቸው፣ ለሞተ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲንከራተቱ የዋሉ ቤተሰቦች አይቻለሁ። አና ልክ ነበረች። እኔም ልክ ነበርኩ።

በድጋሚው ገባሁና ሲርካ ፊት ተቀመጥኩ። "የምነግርዎ ከባድ ነገር አለ። አጠገብዎ ማን ቢሆን ይወዳሉ?" አልኳቸው። ሴትዮዋ የተሰጣቸውን የትወና ወረቀት አገላበጡ። እዚያ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።

"እህቴ" አሉ በመጨረሻ።

እህት ከየት ይምጣ? አናን አየኋት። አና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ መጥታ ሴትዮዋ ጎን እህት ሆና ተቀመጠች። ያን ጊዜ፣ ምንም ሳልሸፋፍን፣ "ባለቤትዎ ሞተዋል" አልኩ። ሲርካ አለቀሱ፤ የምራቸውን አለቀሱ። ፈተናው ካለቀም በኋላ የአናን እጅ አልለቀቁም። የእውነተኛ ባላቸውን ሞት የሰሙት በስልክ፣ ብቻቸውን ወጥ ቤት ቆመው ነበር ለካ።

አለፍኩ። ማለፍ ብቻ! አና እዚያው "ይህን ለተማሪዎቻችን አስተምሪልን" አለችኝ። አሁን የሁለቱን አገር ተማሪዎች በስክሪን አንድ ላይ አስተምራለሁ። የፊንላንዶቹ "ሰው አለዎት?" ማለት ለምደዋል፤ የእኛዎቹ "ደክሟል" ማለት ትተዋል። ዲናችንም ደውላ ሌሎች ተላኪዎች እየመረጠች መሆኑን ነገረችኝ፤ ድምጿ እንዲያ ሲፈነድቅ ሰምቼ አላውቅም። ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ!

ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉንም ሰማችኝና እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ፣ "እማዬ፣ እዚሁ ጥቂት ጊዜ ጨምረሽ አስተምሪ ብለውኛል" አልኳት።

"እነሱ ካንቺ መማር ከጀመሩ፣ አንቺ እዚያ የምትማሪው ምን ቀረሽ?" አለችኝ።

"እስቲ ላስብበት" አልኳት።

"አስቢበት፣ ልጄ" አለችኝ፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም።