ሳይፋቅ የሚቀረው ቀለም

ልጅ ሳለሁ ሰበታ፣ ተረት የምንሰማው ዝገትና ላምባ ከሚሸት በረንዳ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ቀን ወፍጮ ቤት ይውሉና አመሻሽ ላይ ከሰል አያይዘው፣ ያረጁ ብስክሌቶችን ፈታተው ያድሱ ነበር። የዛገውን መሪ በላምባ እየወለወሉ፣ የተላላጠውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ያወሩልናል፤ እጃቸው ሲፈጥን ተረቱም ይፈጥናል፣ ብረቱን ወደ ፋኖሱ አስጠግተው ሲያዩ ደግሞ ተረቱም ይቆማል፤ ያኔ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ፍሙን እያየን እንጠብቃለን።

የአባቴ ብስክሌት የተሰረቀችው በዚያ ሰሞን ነው። ዓለምገና ድረስ ለሥራ የሚመላለሰው በእሷ ነበር። ከጠፋች ወዲህ ሳይነጋ በእግሩ ይወጣል፤ ማታ ጫማውን አውልቆ እግሩን በሙቅ ውሃ ይነክራል። ሊያጽናኑን ከመጡት ጎረቤቶች ሁሉ አብልጠው ያዘኑልን ኦቦ ገመቹ ነበሩ። «እጁን ይቁረጠው» ብለው ሌባውን ረገሙልን። ጥቂት ቀን እንደቆየ፣ በረንዳቸው ምሰሶ ላይ ቀለሙ ተፍቆ እርቃኑን የቀረ የብስክሌት ብረት፣ ጎማም መሪም የሌለው፣ በሽቦ ታስሮ በጆንያ ተሸፍኖ አየን።

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሌላ ሰው ከሆነ ለምን ሸፈኑት?» አለች።

«ተይ፣ ፆም ነው፤ የሰው ስም አታንሺ» አላት አባቴ።

አማተበች። እኔ ግን ያን ጥያቄዋን ይዤ ወደ ተረቱ ሄድኩ።

የዚያን ምሽት ተረት ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው። የአንዲት መበለት አህያ ጠፋች አሉ ኦቦ ገመቹ። አውሬው ሁሉ ሊያጽናናት መጣ፤ ከሁሉም አብልጦ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቀሰው ጅብ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የእኛ ብስክሌት ከኮርቻዋ ሥር ተሰብራ የተበየደችበት እብጠት ነበራት፤ ቀለም ቢፋቅ እብጠቱ የት ይሄዳል እያልኩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተንፏቅቄ እጄን ጆንያው ውስጥ ሰደድኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ቆመ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም፣ ኦቦ ገመቹ።»

«ምንም ከሆነ እዚያ አታገኚውም።» ልጆቹ እንደገና ሳቁ። እሳቸው ግን ፋኖሱን አንስተው አጠገቤ መጡ። «ፈልጊ። በጨለማ የሚፈልግ ሰው ያሰበውን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ በብርሃን ፈልጊ።»

ጆንያውን ገፈፉት። «የሸፈንኩት ለጤዛው ነው፤ የተፋቀ ብረት አንድ ሌሊት ጤዛ ከነካው ይዝጋል።» እጄን ይዘው ከኮርቻው ሥር አስዳሰሱኝ፤ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ገለበጡት። ፔዳሉ ከሚታሰርበት ታች፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጣት የሚያህል አሮጌ ቀለም ሳይፋቅ ቀርቷል፤ አረንጓዴ። የእኛ ጥቁር ነበረች።

«ይቺን ሁሌም አልነካትም» አሉ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ የሚል ቢመጣ በምን ያውቀዋል?»

«ታዲያ አህያዋን ጅቡ አልበላትም?» አልኩ።

«አልበላትም። ጅብ እንዲያው ለቅሶ ይወዳል።» ብርጭቆ ወረቀታቸውን አነሱ። «ሁሉም ጅቡን ጅቡን ሲያይ፣ ነብር አፉን ጠርጎ ሄደ።»

የአባቴ ብስክሌት ሳትገኝ ቀረች። ክረምቱን ሙሉ በጭቃው ተመላለሰ።

ዛሬ ቡራዩ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ሸኝቼ፣ ያንኑ የኦቦ ገመቹን ሥራ ቤቴ ውስጥ እሠራለሁ። ሰው አሮጌ ብስክሌት ሲያመጣልኝ ከመፍታቴ በፊት ገልብጬ አያለሁ፤ ያመጣውንም ሰው ፊት አያለሁ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። በቀደም የግቢያችን አዲስ ተከራይ በጆንያ የሸፈንኩትን ብረት በጎን እያየች፣ «አንቺ ቤት ብስክሌት አያልቅም፤ ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ጆንያውን አንስቼ ብረቱን ገለበጥኩና የስልኬን መብራት ሳልፍቃት ወደተውኳት ቀለም አስጠጋሁላት። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። አልተቀየምኳትም። እኔም መብራቱን ሳላነቃንቅ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።