ነፍሰ ጡር ሆኜ ማደንዘዣ የተወጋሁ ጊዜ

ሕመሙ እምብርቴ ላይ ጀመረኝ። ሮቢት ዳር ማሽላ እያጨድን ነበር። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ሆዴ እየሰፋ ነው ብዬ ቀላል አደረግሁት። በማግስቱ ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደ፤ ያስመልሰኝ፣ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። አማቴ እማ ዘሀራ ተልባ በጥብጠው አጠጡኝ። ባሌ ሰኢድ መኪና ፍለጋ ሄደ። ጊዜው የጦርነት ስለነበር መንገዱ ተዘግቷል። ጎረቤቶች በቃሬዛ ቆቦ ቢያደርሱኝም፣ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ መኪና የተገኘው ሕመሙ ድንገት ቀለል ካለኝ በኋላ ነው። ደስ አለን። ለካ ቀለል ያለኝ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ሆዴን ዳስሶ ወደ ሰኢድ ዞረ። «ኦፕራሲዮን ካላደረግንላት ሁለቱም ይሞታሉ። ብናደርግላትም ስለ ልጁ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ አጎንብሶ ጠየቀኝ። «እህቴ፣ ምን በላሽ? ምን ጠጣሽ?»

እማ ዘሀራ ሐኪሞቹ እንዳይቆጡን ፈርተው በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ። እኔ ግን ተልባውን ነገርኩት።

«እንኳን ነገርሽኝ። ሙሉ በሙሉ ባስተኛሽ ጨጓራሽ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባሽ ሊገባ ይችላል። ስፓይናል የሚባለውን ማደንዘዣ ጀርባሽ ላይ እወጋሻለሁ፤ ከደረትሽ በታች ብቻ ይደነዝዛል።»

ጀርባዬን አጎበጥኩ። ወጋኝ። እግሬ ሞቀኝ። ከዚያ እግሬ የሌለ መሰለኝ። በቀኝ ዳሌዬ ሥር ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ግራ አዘነበለኝ፤ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫነው ነው አለኝ። ደም ግፊቴ ወረደ። ዓይኔ ጨለመ። ግሉኮሱን አፈጠነው። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አናግሪኝ» ይለኛል። እኔ ላኢላሃ ኢለላህ እል ነበር።

ሲጨርሱ ሐኪሙ ሆዴን አዳምጦ «የልጁ ልብ ይመታል» አለ። ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም። ያለ ጊዜው ምጥ መጣ። ወንድ ነበር። አለቀሰ፤ በጣም ቀጭን ድምፅ። ሰኢድ ጆሮው ላይ አዛን አለለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

«መርፌው ነው የገደለው» አሉ እማ ዘሀራ።

«አይደለም፣ እናቴ» አላቸው ሐኪሙ። «ምጡን ያመጣው ሆዷ ውስጥ የተበተነው መግል ነው።»

እማ ዘሀራ እስኪሞቱ አላመኑትም። ቁስሌ ቀስ እያለ ደርቆ ሮቢት ስመለስ፣ ሴቱ ሁሉ የሚያወራው የመርፌውን ነገር ነበር። ጎብዬ ያለችው የአክስቴ ልጅ እርጉዝ ሆና ያው ሕመም ሲይዛት፣ «የእኔንም ልጅ በመርፌ ሊገድሉብኝ ነው?» ብላ ሆስፒታል አልሄድም አለች። ከነልጇ ቀበርናት። እኔም ከዚያ ወዲህ አልፀነስኩም።

ያን ባለሙያ አላህ ጀዛውን ይክፈለው፤ ዛሬ ቆሜ የምሄደው እሱ ከራስጌዬ ስላልተነሳ ነው። አንቺም እርጉዝ ሆነሽ ቀኝ ጎንሽን ካመመሽ፣ ሕመሙ ቢተውሽም እንኳ ሳትዘናጊ ሆስፒታል ሂጂ። ስንት ወርሽ እንደሆነ፣ የበላሽውን፣ የጠጣሽውን ለሐኪሞቹ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። መርፌውን ፈርተሽ እቤት አትቅሪ።