የድንኳኑ አፍ

አዲስ ላስቲክ ፀሐይ ሲመታው የሚሸተውን ሽታ አልወድም። ባለፈው ሳምንት ለአዴር ሮብሌ ለቅሶ አሁን ከምኖርበት ከሳቢያን በባጃጅ ተነስቼ ወደ ድሮ ሰፈራችን ስሄድ፣ ገና መታጠፊያው ላይ ያ ሽታ ተቀበለኝና ደሜ ፈላ። ከመኪና ላይ የኪራይ ድንኳን እየወረደ ነበር፤ ነጭ፣ ንጹህ፣ የማንም ያልሆነ ድንኳን። የሰፈሩን ድንኳን ሁሉ ሲያስተክል የኖረ ሰው ሞቶ በኪራይ ላስቲክ ሥር ሊለቀስለት ነው! ይህንን ለራሴ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ የባጃጁ ልጅ በመስታወቱ ሲያየኝ ነው ጮክ ብዬ መናገሬን ያወቅኩት።

የእኛ ድንኳን ላስቲክ አልነበረም። የባቡር ጭነት ይሸፈንበት የነበረ አሮጌ ሸራ ነው፤ እናቶቻችን በጆንያ መርፌ ያያያዙት፣ አንዷ በነጭ፣ ሌላዋ በጥቁር፣ ሦስተኛዋ ባገኘችው ክር የሰፋችው፣ ሲዘረጋ ሰም ሰምና ጋዝ ጋዝ የሚሸት። ድሮ አረንጓዴ ነበር ይባላል፤ እኛ ስንደርስበት ግን ስም የሌለው ቀለም ሆኖ ነበር። ክርስቲያኑ ሲሞትም፣ ሙስሊሙ ኒካ ሲያስርም የሚተከለው ያው እሱ ነበር፤ በአንዱ ሳምንት ያለቀስንበት ሥር በሚቀጥለው ሳምንት እየጨፈርን አድገናል።

ተከላውን የሚመራው አዴር ሮብሌ ነበር። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ለእሱ ግን የስሙ ግማሽ ሆኖ ስለቀረ የራሱ ሚስት እንኳ ስትቆጣው አዴር ትለው ነበር። ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጣ፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚያሸርጥ፣ ኮፊያውን ከራሱ የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነበር። አንድም ቀን ገመድ ሲነካ አላየሁትም። አሥራ ሁለት ጎረምሳ ምሰሶውን ተሸክሞ ላብ በላብ ሆኖ ሲቆም፣ እሱ ከአፈሩ እፍኝ አሸዋ ይዘግንና እጁን ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ያፈሰዋል፣ የወደቀበትን ያያል፣ ከዚያ በከዘራው ወደ አንዱ አቅጣጫ ይጠቁማል። “ወሪያ፣ ሳብ!” ይላል። ጎረምሶቹ ይስባሉ። “በቃ!” ይላል። ይበቃል። ያ ድንኳን ሦስት ቀን ቆሞ አንድም ካስማ ሳይነቀል ይፈርሳል።

ለምን አሸዋ እንደሚያፈስ ለማንም አይናገርም። ወንዶቹ ሲጠይቁት “ስታረጅ ታውቀዋለህ” ብሎ ይስቃል። ስለዚህ ሰፈሩ የየራሱን መልስ ፈጠረ፤ ግማሹ ለጂኒ ነው አለ፣ ግማሹ የባቡር ሥራ ትቶበት የሄደ አመል ነው አለ። እኔ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ነዝናዛ ነበርኩና ደጁ ላይ ተቀምጬ አላስወጣ አላስገባ አልኩት። በመጨረሻ ተሸነፈና ነገረኝ። ቀትር ላይ ነፋስ የሌለ ሲመስል እንኳ አሸዋው ትንሽ ወደ ጎን ሸሸት ብሎ ይወድቃል፤ ከሰዓት በኋላ ከበረሃው በኩል የሚነሳው ነፋስም በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው፤ ለነፋስ የድንኳኑን ጀርባ ስጪው፣ አፉን አትስጪው። አለቀ። ለእኔ የነገረኝ ሴት ልጅ ድንኳን አትተክልም፣ ምስጢሩም እሷው ዘንድ ተቀብሮ ይቀራል ብሎ ይመስለኛል። ይህም እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ የሞተ ቀን ታላቅ ወንድሜ ግርማና ጓደኞቹ ድንኳኑን እኛው እንተክላለን አሉ። ግርማ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኩንታል በአንድ ትከሻው ብድግ አድርጎ ሳቅ የሚጨምርበት፣ ሰፈሩ ውስጥ ከባድ ነገር በተገኘ ቁጥር ስሙ የሚጠራ ልጅ። የድንኳኑ አፍ ወደ አስፋልቱ ይሁን፣ በመኪና የሚመጣው ለቀስተኛ በቀላሉ ይየው ተባለ። አዴር ሮብሌ ከዘራውን ይዞ ሲመጣ ግርማ በእቅፉ አድርጎ መለሰው።

“አዴር፣ አቦ አንተ ዛሬ እረፍ። እኛ ምን ሠርተን ልንበላ ነው?”

ድሬ ላይ ትልቅ ሰውን አንተ ማለት ንቀት አይደለም፣ ግርማም በፍቅር ነው ያለው። ንቀቱ የመጣው ከኋላ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ እፍኝ አሸዋ ዘግኖ፣ አንገቱን እንደ ሽማግሌ ሰብሮ፣ እየተንቀጠቀጠ አፈሰሰው። ሁሉም ሳቁ። ግርማም ሳቀ።

አዴር ሮብሌ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ። ደጁ ላይ ካለችው በርጩማ ሄዶ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ከእግሩ ሥር አሸዋ ዘገነና ዝቅ አድርጎ አፈሰሰው። አሸዋው በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ተቃራኒ ሸሸ። ነፋሱ የሚመጣው ከአስፋልቱ፣ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ አፍ ነው። አየሁ። ማየቴንም አየ። ከዚያ መዳፉን በሽርጡ ጠረገና ከዘራው ላይ ደረበው፤ አፉን ዘጋ። እኔም ትልልቆቹ መሀል ምን ጥልቅ አደረገሽ እንዳልባል አፌን ዘጋሁ።

ነፋሱ ስምንት ሰዓት ገደማ መጣ። ሸራው እንደ ሆድ ተነፋ፣ ካስማዎቹ እንደ ጥርስ ተነቀሉ፣ የመሀሉ ምሰሶ ተወዛወዘ። ጎረምሶቹ በታተኑ። ግርማ ግን ምሰሶውን አቅፎ ቀረ፤ ከሥሩ የጋሽ ታደሰ ሚስትና አልቃሽ ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ ተንጋግተው እስኪወጡ ያንን ሁሉ ክብደት ብቻውን ያዘ። የመጨረሻዋ ሴት ስትወጣ ምሰሶው ቀኝ ትከሻው ላይ ወደቀ።

ቀድሞ የደረሰው አዴር ሮብሌ ነው። ኮፊያው ወድቆበት፣ ባዶ ራሱን፣ ግርማን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በሶማሊኛ እያለቀሰ ነበር። ምን እንዳለ ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ እናቴ የነገረችኝ “አይቼ ነበር፣ አይቼ ነበር” ይል እንደነበር ነው።

የግርማ ቀኝ እጅ ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ ወጥቶ አያውቅም። በግራው ያበጥራል፣ በግራው ይበላል፣ ለዚህም በየማዕዱ ይቅርታ ሲጠይቅ ኖሯል። ሸራው ለሁለት ተቀደደ፤ ቅዳጁ የጋሪና የዶሮ ቤት መሸፈኛ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ እዚያው ሰፈር ፊት ለፊት እየተያዩ አርባ ዓመት ከሰላምታ አላለፉም፤ ግርማ በሳቁ አፍሮ፣ አዴር ሮብሌ በዝምታው አፍሮ። ሰፈሩም ድንኳን መከራየት ጀመረ። ማንን ልቀየም? ጉልበቱ ያለው አልጠየቀም፣ ያወቀው አልተናገረም፣ ሁለቱንም ያየሁት እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ ብዬ ተደበቅኩ።

እነሆ ባለፈው ሳምንት የኪራዩ ድንኳን አፉን ወደ አስፋልቱ አድርጎ ሊቆም ነው። ግርማ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ያያል። አሸዋ ልዘግን ጎንበስ አልኩ። መሬቱ ኮብልስቶን ሆኗል። በሁለት ድንጋይ መሀል ጥፍሬን ሰድጄ የቆነጠርኳትን አቧራ ከፍ አድርጌ ለቀቅኳት። ወደ ድንኳኑ አፍ ሸሸች።

“አዙሩት!” አልኩ። “የድንኳኑን አፍ አዙሩት! ነፋሱ ከአስፋልቱ ነው የሚመጣው!”

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ድንኳኑን ከሚተክሉት ልጆች አንዱ፣ ደረቱ ሰፊ፣ እንደ ድሮው ግርማ ያለ ጎረምሳ፣ ላቡን ጠርጎ “እሺ እትዬ፣ በየት በኩል ይሁን?” አለኝ። አሳየሁት። ስምንት ሆነው ብድግ አደረጉት፣ አዞሩት፣ አስቀመጡት። ግርማ ከግድግዳው ተላቆ መጣና ልጁ ገመዱን ሲያጠብቅ በግራ እጁ ያዘለት።

ነፋሱ በሰዓቱ መጣ። የድንኳኑን ጀርባ ገፋ ገፋ አድርጎ ሄደ፤ ከሥሩ የተቀመጡት ቀና ብለው እንኳ አላዩም። እኔ ውጭ ቆሜ በንዴት አለቀስኩ። ማዞሩ ሻይ ተቀድቶ እስኪበርድ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም ነበር።