የዳባሶ ምስማር

ብርሃኔ ሞያሌ ማንያታ ሰፈር ወተት ትቸረችራለች። ከቦሪ መንደር የሚመጣላትን በጠዋት ተቀብላ ለከባድ መኪና ሾፌሮች በጣሳ እየሰፈረች ነው የምትኖረው። በሰባ ስድስቱ ድርቅ ከጆሮዋ ሥር እብጠት ወጣባት። መጀመሪያ ሽምብራ ታክል ነበር፤ በወሩ ሎሚ አከለች። ስትነካ ያማታል። አንገቷ አልዞር ስላላት፣ ከኋላ ሲጠሯት እንደ ተሳቢ መኪና መላ አካሏን ይዛ ትዞራለች።

“ንፍፊት ነው፤ የሚያወጣው እሳት ነው” አሉ አባ ዳባሶ፣ በጋለ ምስማር የሚተኩሱት ሽማግሌ። ሁለቴ ተኮሷት። ቁስሉ መግል ያዘ፤ እብጠቷ ንቅንቅ አላለችም።

“ሐኪም ቤት እንዳትሄጂ፤ ለንፍፊት መርፌ ሞት ነው” አላት ሰፈሩ ሁሉ። ይህችን ቃል የፈጠራት ሰው ስንቱን እንዳስቀበረ ቢቆጥር ኖሮ አፉን በያዘ!

ጎረቤቷ አግነስ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት፣ “አንቺ ሴትዮ፣ መግል የሚወርደው አንገት ይዘሽ ለሰው ወተት ትሰፍሪያለሽ?” አለቻት። ብርሃኔን ጤና ጣቢያ የወሰዳት እፍረት ነው።

አግነስ ጥርሷን፣ ጉሮሮዋን፣ የራስ ቆዳዋን አየች። “እዚህ ቁስል ካለ አንገት ያብጣል” አለቻት። ምንም የለም። አሥር ቀን ፔኒሲሊን ወሰደች፤ የተተኮሰው ደረቀ፣ እብጠቷ ግን አልጎደለችም። ያኔ የጣቢያው ሐኪም በመርፌ ከእብጠቷ ቀድቶ ሊመረምር ተነሣ። ብርሃኔ ዓይኗን ጨፍና ሞቷን ጠበቀች። አልሞተችም።

“ቲቢ ነው” አላት።

“እኔ መች አስላለሁ?”

“ሳንባ ብቻ መሰለሽ የሚይዘው? አንገትም ላይ ይወጣል። ከሚያስል ሰው ይተላለፋል፤ ካልተፈላ ወተትም ይመጣል።”

ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ዓመት ሙሉ ኪኒን ታዘዘላት። እብጠቷ በአራተኛው ወር ጠፋች። “ዳንኩ እኮ” ብላ ልትተው ስትል አግነስ ውሃ በጣሳ ይዛ በሯ ላይ ቆመች፦ “ዋጪ!” ዋጠች። ወተቱንም እያፈላች መሸጥ ጀመረች።

ኪኒኑን በጨረሰች ሰሞን፣ ወተቷን በጄሪካን ይዛ በአባ ዳባሶ ግቢ ስታልፍ፣ ከኦዳ መንደር የመጣ ሞሉ የሚባል ከብት ነጋዴ ያበጠ አንገቱን ገልጦ ተቀምጧል። ምስማሩ ፍም ውስጥ ቀልቷል።

“ይኸው ምስክሬ!” አሉ አባ ዳባሶ። “እሳቴ ያዳናት!”

ብርሃኔ ሻሿን ገለጠች። “አባ ዳባሶ፣ እሳትዎ የሰጠኝ ይህን ጠባሳ ነው። ያዳነኝ መድኃኒት ነው። አንተ ወንድሜ፣ ተነሥና ሐኪም ይይህ።”

“ለንፍፊት መርፌ ሞት ነው” አላት ሞሉ።

“ስልሳ ቀን ተወግቼ ይኸው ቆሜ እሰድብሃለሁ!”

አባ ዳባሶ ጉጠቱን አነሡ። ብርሃኔ የጄሪካኑን ክዳን ነቅላ የቀኑን ወተት በሙሉ ፍሙ ላይ ደፋችው።

በከብት አርቢ አገር ወተት እሳት ላይ! ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ፤ እንዲህ ያለ ነውር በዕድሜያቸው አላዩም። ሞሉ ጭሱን ሽሽት ብድግ አለ።

“ተነሥተህ የለ” አለችው። “በል ቅደም፤ አግነስ ከሥራ ሳትወጣ እንድረስ።”