አማቴ በድምፁ የፈረዱበት ሰው

ባሌን ሳገባ አባቴ በሆሳዕና ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኛ ከሰሜን የመጣን ኦርቶዶክሶች ነን። የባሌ ቤተሰቦች ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ሀዲያዎች፣ በጃንሆይ ዘመን የእኔ ዘመዶች «የሚሲዮን ሰዎች» የሚሏቸው ወንጌላውያን ነበሩ። ባሌ አስተማሪ ነው። የላካቸውን ሽማግሌዎች አባቴ ደጋግሞ ከመለሰ በኋላ አንድ ቀን እሺ አለ፤ ምን እንዳሳመነው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከአማቴ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ጀመርኩ።

አማቴ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። እንሰታቸውን ራሳቸው ይፍቃሉ፣ ላማቸውን ራሳቸው ያልባሉ። በጸሎት ቤቱ ግን ሌላ ሥራ ነበራቸው። መናፍስትን የመለየት ጸጋ ተሰጥቷቸዋል ይባላል። አንዱ ትንቢት መጣልኝ ሲል፣ አንዷ በጸሎት መካከል ስትወድቅ፣ ሌላው ድምፅ ሰማሁ ብሎ እርሻውን ጥሎ ልሂድ ሲል የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች እሳቸውን ይጠራሉ። መጥተው ይቀመጣሉ፣ መሬት መሬት እያዩ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ «ከእግዚአብሔር ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ። ነገሩ በዚያው ያልቃል። ከሾኔና ከዶዮገና ሳይቀር ሰው እየመጣ ይጠይቃቸው ነበር።

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር ያላደግሁ ስለሆንኩ ከዳር ሆኜ ነበር የማየው። ብዙ ጊዜ የሚሉት ትክክል እንደነበር ግን መካድ አልችልም። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ልጃገረድ ወድቃ አረፋ ስትደፍቅ ሰዎች ከበዋት «ውጣ! ውጣ!» እያሉ ይጮኹባት ነበር። አማቴ ሰዉን ገፍተው ገቡና ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ዝም በሉ፤ ይቺ ልጅ ታማለች። ክሊኒክ ውሰዷት» አሉ። በክኒን ተሻላት፤ ኋላም አግብታ ወለደች። እኔንም የገላገሉኝ እሳቸው ናቸው። ማተቤን አንገቴ ላይ አስሬ ስለገባሁ የጸሎት ቤቱ ሴቶች ተጨንቀው ኖሮ አንድ ቀን ፊቴ «በልጅሽ ሚስት ላይ ምን ታያለሽ?» ብለው ጠየቋቸው። አማቴ ቀና ብለው አንገቴን አዩና «ክር አያለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማተቤ ማንም አላነሳም።

አንድ ክረምት ሲወጣ ከከምባታ በኩል፣ ከዱራሜ፣ አንድ ወጣት ወንጌላዊ ለጸሎት ቤቱ ተላከ። ሚስትና ጡት የሚጠባ ልጅ ነበረው። በጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለች ቤት ሰፈሩ። እሱ በአማርኛ ይሰብካል፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ሀዲይኛ ይመልሱለታል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አማቴን ለማጀብ ወደ ጸሎት ቤታቸው ጎራ እል ስለነበር ስብከቱን ሰምቻለሁ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከደረቱ ሥር ይወጣል፤ የቃሉን መጨረሻ ይጎትታል። ሰዉ ወደደው። ውጭ ቆሞ የሚሰማ እስኪኖር ድረስ ቤቱ ይሞላ ጀመር።

አማቴ ግን በመጀመሪያው እሑድ ስብከቱ ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ አጥሩን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አመመዎት እንዴ?»

«አላመመኝም። እንሂድ።»

በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። የእሳቸው ተነሥቶ መውጣት ተራ ነገር ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ ቤት ድረስ መጡ። ወተት ቀዳሁላቸውና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እናታችን፣ ምን አዩ?» አሉ አንጋፋው ሽማግሌ።

«ይህ ሰው ሲናገር ሰውነቴን ይበርደኛል» አሉ አማቴ። «በላዩ ያለው መንፈስ ንጹሕ አይመስለኝም።»

«አይመስለኝም ነው ወይስ አይደለም?»

አማቴ እንደ ልማዳቸው መሬት መሬት አዩ። «አይደለም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወንጌላዊውን ለጊዜው ከስብከት እረፍ አሉት። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ የነገረው የለም፣ ምክንያቱም ያዩበት ጥፋት አልነበረም። ቤቱን እንዲለቅም ተነገረው። ሊሄዱ ሲሉ ሚስቱ ከእኛ የተዋሰችውን ወንፊት አጥባ አመጣች። ልጁን አዝላለች። ወንፊቱን ተቀበልኳትና «በሰላም ግቡ» አልኳት። አማቴ ጓዳ ነበሩ፤ ድምፃችንን እየሰሙ አልወጡም።

ጥቂት ወራት አለፉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከብት ሊገዙ ዶዮገና ገበያ ወርደው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጡ። ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

«እናታችን፣ ተመስገን ይበሉ! ያ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ? አባቱ በዚያ ሁሉ አገር የሚፈራ ቃልቻ ነበር። ሰው ልጁን ይሰጠው፣ ከብቱን ይነዳለት ነበር። ልጁ ይህን ደብቆ ነው በመካከላችን የቆመው። ማንም ሳይነግርዎት መንፈስ ቅዱስ ገለጠልዎት!»

ወሬው ሆሳዕናን ሞላ። ቀድሞ ወንጌላዊው በመባረሩ ያጉረመረሙት ሁሉ ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። የአማቴ ስም እንደዚያን ሰሞን ገንኖ አያውቅም። እሳቸው ግን ምግብ አልወርድ አላቸው። ባሌ «እርጅና ነው» አለኝ፤ እኔ አልመሰለኝም።

አንድ ረፋድ ቆጮ ጨምቀው ሲከትፉ ቢላዋውን አስቀምጠው ጠሩኝ።

«የቃልቻውን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ቀስ እያሉ በዚያ ሀዲይኛ በሚጫነው አማርኛቸው ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ ታላቅ እኅታቸው ትታመም ነበር፤ እንደዚያች ገበያ ላይ እንደወደቀችው ልጅ ይጥላታል። አባታቸው ከምባታ ድረስ ወደ አንድ ቃልቻ ወሰዷት። አማቴ ማር ተሸክመው አብረው ሄደዋል። ቃልቻው ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው የሚቀመጠው፤ ፊቱ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይመጣል። በግ አምጡ ይላል፣ ጊደር አምጡ ይላል፣ በመጨረሻም ልጅቷ እዚሁ ትቅር አለ። ትተዋት ተመለሱ። እዚያው ሞተች፤ የት እንደተቀበረችም አልተነገራቸውም።

«ያ ወንጌላዊ አፉን ሲከፍት መጋረጃው ፊቴ መጣ» አሉ። «የአባቱ ድምፅ ነው ያለው። ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፣ በመንፈስ አይደለም። ብርዱም የእኔ ብርድ ነው። የፈራችው ያች ማር የተሸከመችው ልጅ ነች።»

«ያኔ ይህን አውቀው ነበር?»

«አላወቅሁም። የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅሁም። የእግዚአብሔር ነገር መሰለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ ሽማግሌው ሲነግሩኝ ነው ሁሉም የገባኝ።»

ለምን ከልጃቸው በፊት ለእኔ እንደነገሩኝ ጠየቅኋቸው። «አንቺ አሜን አትዪኝም» አሉ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን አስጠርተው ይህንኑ ነገሯቸው። ከብት ሊገዙ ሄደው የነበሩት ሽማግሌ ቀድመው ተናገሩ፦ «እናታችን፣ ይህ የጠላት ውጊያ ነው። ጸጋዎን ሊያስጥልዎት ጥርጣሬ እየዘራ ነው። ይቃወሙት።»

«እሱን ነው የምቃወመው» አሉ አማቴ። «በቃልቻው በኩል ሲመጣ ድሮም አውቀዋለሁ። በእኔ በኩል ሲመጣ ነው ያላወቅሁት።»

አንጋፋው ሽማግሌ እውነተኛ ጭንቀታቸውን ተናገሩ። «ይህን ለሕዝብ ካወጣን፣ ከዚህ በፊት የፈረዱት ሁሉ ይጠየቃላ። ስንቱን ሰው በእርስዎ ቃል አገድን፣ ስንቱን አጋባን።»

«ይጠየቅ። የተሳሳተ ካለ ይታረም።»

እናስብበት ብለው ወጡ። አማቴ እስኪያስቡ አልጠበቁም፤ ሰውየውን ፍለጋ ወደ ዱራሜ ተነሡ። ባሌ ትምህርት ቤቱን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ እኔ አብሬያቸው ሄድኩ። እስከ አንጋጫ ባለው መንገድ የጭነት መኪና ላይ፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስለጨቀየ በእግራችን ወረድን። አማቴ በመንገድ ሁሉ አልጸለዩም ማለት ይቻላል። ወይም እኔ አልሰማሁም።

ሰውየውን ያገኘነው ዱራሜ ከገበያው ጀርባ፣ የቆዳ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ቆዳ ላይ ጨው ሲነሰንስ ነው። ሽታው ከሩቅ ይመታል። ሲያየን ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ለአማቴ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

አማቴ ቆመው ሁሉንም ነገሩት፤ እኅታቸውን፣ መጋረጃውን፣ ድምፁን። እንዳይሸፋፈን ብለው ነው መሰለኝ አንድም ነገር አላስቀሩም። «መንፈሱ ንጹሕ አይደለም ያልኩት ከፍርሃቴ ነው። በእግዚአብሔር ስም ሐሰት ተናገርኩብህ። ይቅር በለኝ» አሉ።

ሰውየው ሲመልስ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ አማቴ ነጠላቸውን በእጃቸው ጨብጠው ሲይዙ አየሁ።

«እማማ፣ አባቴ ከቤት ሲያባርረኝ መንፈሴን ካድክ ብሎ ነው። እርስዎ ያስባረሩኝ ደግሞ መንፈሱ አለብህ ብለው ነው። እኔ የት ልሂድ?»

አማቴ ነጠላቸውን እንደጨበጡ ቀሩ።

«ያ ሰው ያደረገውን እኔም አውቃለሁ» አለ ቀጥሎ። «የደበቅሁት አፍሬ ነው። እኅትዎን አላውቃትም፤ እንደሷ ያሉ ግን አይቻለሁ።»

«እጅህን ጫንብኝና ጸልይልኝ» አሉ አማቴ።

«ዛሬ አልችልም። ልቤ ገና ይቅር አላለዎትም። እጄን ብጭን ውሸት ይሆንብኛል።»

ቤቱ ወስዶ አሳደረን። ሚስቱ ጎመንና አይብ በቆጮ አቀረበች። ከእኔ ጋር ስለ ልጁ ጥርስ መብቀል አወራች፤ ከአማቴ ጋር ግን የግድ ከሆነው በስተቀር አልተነጋገረችም። አልፈረድኩባትም። ጠዋት ስንነሣ ሰውየው እስከ መንገዱ ሸኘንና «በሰላም ግቡ» ብሎን ተመለሰ።

ሆሳዕና ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ገና እያሰቡ ነበር። አማቴ በሚቀጥለው እሑድ በሴቶቹ በኩል ተነሥተው ቆሙና በሕዝቡ ፊት ራሳቸው ተናገሩ። አንዳንዶች አለቀሱ። አንዳንዶች ደግሞ ተቆጡ፤ በተለይ በእሳቸው ቃል እጮኛዋን የተወች አንዲት ሴት ወደ ቤት መጥታ የሰደበቻቸውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። አማቴ ተቀምጠው እስክትጨርስ ሰሟት። ሽማግሌዎቹም የድሮ ጉዳዮችን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ብዙው ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂቱ ግን ስሕተት ነበር። ታግደው የነበሩ ሁለት ሰዎች ወደ ቁርባን ተመለሱ።

ከመኸር በኋላ ሰውየው ሳይጠራ መጣ። ቆዳ ጭኖ ለገበያ የመጣ ነበር። ቤት ገብቶ ወተት ጠጣ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ ከዚያ ተነሣና «እማማ፣ አሁን እችላለሁ» አለ። አማቴ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። እጁን ራሳቸው ላይ ጭኖ በዚያ በወፍራሙ ድምፅ ጸለየ። አማቴ እስኪጨርስ ከተንበረከኩበት አልተነሡም።

ሰውየው ከሄደ በኋላ «ብርዱ አሁን ለቀቀዎት?» አልኳቸው።

«ዛሬም ፈራሁ» አሉ። «ፍርሃት መሆኑን ግን አውቄ ፈራሁ።»

ሽማግሌዎቹ ወንጌላዊውን ወደ ቦታው ይመለስ ብለው ወሰኑ። እሱ አመስግኖ ሆሳዕናን እንቢ አለ፤ ኋላ ሾኔ ሄዶ አገለገለ። በዓመት አንድ ጊዜ ያህል እየመጣ ይሰብክ ነበር፤ ያን ዕለት አማቴ ከፊተኛው መደዳ ይቀመጣሉ። መናፍስትን ይለዩልን ብሎ የሚመጣውን ሰው ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አላስተናገዱም። መንፈሱ የተጠየቀበት ሰው ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚለው፣ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃሉ፤ «ቆዩ፣ አትቸኩሉ» ይላሉ። ይህን ለመስማት ሩቅ መንገድ የሚመጣ ሰው ብዙ አይደለም። የሚመጣው እያነሰ ሄደ፤ እሳቸውም ወደ እንሰታቸው ተመለሱ።